ለአንድ ግድግዳ የሚሆን ፕሮጀክተር

ሰኞ ማታ

ዛሬ ፕሮጀክተር ልገዛ ሄጄ የመጋረጃ ሥራ ተቀብዬ ተመለስኩ። ለልጄ አባት ስነግረው ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ራሱ ሰማና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሻጩ ጢሙን በሥርዓት የተከረከመ፣ ረጋ ብሎ የሚያወራ ጎልማሳ ነው። "ለቤት ነው፣ ለሥራ ነው፣ ወይስ ይዘውት የሚዞሩት?" ብሎ ጠየቀኝ። ለግድግዳ ነው አልኩት። "ማዘር፣ ሁሉም ለግድግዳ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን በልቤ የያዝኩት አንድ ግድግዳ ስለነበር ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

አብርቼ ላሳይዎት ብሎ ወደ ኋላ ክፍል አስገባኝ። ጨለማ መሆን የነበረበት ክፍል ነው። መጋረጃው ግን ስስ፣ ዝምዝማቱ የተተረተረ፣ ከታች አንድ ስንዝር ያጠረ። እሱ ስለ ምስሉ ጥራት ያስረዳኛል፤ እኔ በመጋረጃው ጠርዝ ሾልኮ የሚገባውን ብርሃን አያለሁ። መጨረሻ ላይ አላስቻለኝም፤ ከቦርሳዬ ሜትሬን አውጥቼ መለካት ጀመርኩ። እሱም ንግግሩን አቋርጦ የሜትሩን ጫፍ ያዘልኝ። ጨዋ ሰው ነው። ጥቁር ገበር ያለው መጋረጃ እንድሰፋለት ተነጋግረን ወጣሁ።

ስለ ግድግዳው ልጻፍ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እጄ የለመደው መርፌ ነው።

ልጄ ግድግዳ ላይ ትሥል ነበር። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ትነድፋለች። ንድፉን ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባና በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ታበራዋለች። መዳፍ የሚያህለው ዝሆን ጣሪያ ይነካል። ከዚያ የብርሃኑን መስመር በእርሳስ እየተከተለች ትገለብጠዋለች፤ ቀለም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ጨርቅ ላይ በጠመኔ ሳላሰምር መቀስ አላነሳም። "አየሽ፣ ሥራችን አንድ ነው" ትለኝ ነበር።

የመጨረሻ ሥራዋ የሕፃናት ክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ነው። ግማሽ ላይ ቆሟል። ዝናቡ እንደገባ ሰሞን አንድ ቀን ወደ ማታ ከዚያ ስትመለስ መንገዱ ርጥብ ነበር። ፕሮጀክተሩ ጀርባዋ ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ ነበር። እሱም አልተረፈም።

አብራት የምትሠራው ልጅ፣ ረጅሟ የምንላት፣ ንድፉ ኮምፒውተሯ ላይ አለ። "ቀለሙን እንደሷ አድርጌ እቀባዋለሁ፤ መስመሩን ግን ብርሃን ካላሳየኝ እጠፋለሁ" አለችኝ። የክሊኒኩ ዋና ነርስ ደግሞ እድሳቱ አልቆ አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት ግድግዳው ወይ ይለቅ ወይ ነጭ ይቀባ ብላለች። ስለዚህ ፕሮጀክተሩን እኔ እገዛለሁ አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ረቡዕ

ሥራ በዛ። ሁለት የሳሎን፣ አንድ የሱቅ።

አጎቷ መጣ። የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ያልገባው ነገር የለም። ትልቁን ግዙ፣ ግድግዳው ሲያልቅ ቤት አምጥተን ኳስ እናይበታለን አለ። "ግድግዳው ሲያልቅ" ሲል ክሩ ተበጠሰብኝ።

በርጩማዬ የለም። ባለ ሦስት እግሩ፣ ወጥ ቤት በር ሥር የሚቀመጠው። ፈለግሁ፣ የለም። የታችኛዋ ጎረቤቴ ሳትወስደው አትቀርም። ወንፊቴንም አንዴ እንዲሁ ወስዳ እኔው ነኝ የጠየቅኋት።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ግድግዳውን አየሁ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው።

በአውቶቡስ ሄድኩ። እንደልማዴ ቦርሳዬን አጠገቤ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። አንዲት ሴትዮ መጥታ "ሰው አለው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። እስክወርድ ድረስ ቆማ ሄደች። ለምን እንዲህ እንዳልኳት አላውቅም።

አዳራሹ ባዶ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የድሮውን ገመድ ስበው አውጥተውታል፤ መብራትም ሶኬትም የለም። መስኮቶቹ ግን ትልልቅ ናቸው፣ ብርሃኑ ዓይን ያማል። ከግድግዳው ትይዩ የልጆች አጫጭር አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል።

ልጄ ምን ሠርታለች መሰለህ ብዬ ለአባቷ ስነግረው አመሸሁ፤ እዚህም ልጻፈው። እንስሳት ሐኪም ዘንድ ተሰልፈዋል። ከፊት ዝሆን፣ ኩምቢው በፋሻ ተጠቅልሎ። ቀጥሎ ቀጭኔ፤ ጉሮሮዋን አሟት አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች፣ ጠምጥማ ጠምጥማ ግማሹ እንኳ አልተሸፈነም። ከሷ ኋላ ጃርት፤ መርፌ ፈርቶ ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ያ ሁሉ መርፌ ጀርባው ላይ ተተክሎ! ለብቻዬ ሳቅሁ። ከጃርቱ ቀጥሎ ጉማሬ አለ፤ ራሱና ትከሻው ብቻ ተቀብቷል። የቀረው ባዶ ግድግዳ ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ልጆቹ ልጄን "ነጠብጣቧ" ይሏት እንደነበር ነገረችኝ። ሁልጊዜ ቀለም ስለተረጨባት ነው። እኔ ያን ቀለም ከሸሚዟ ለማስለቀቅ ስንት ታግያለሁ። ስም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ዋና ነርሷ መጣች። ረጅም ጊዜ የሠራች፣ ቆማ የምትውል ሴት ናት። አዘነችልኝ፣ እጄን ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እኔ ሥዕል አላውቅም፣ ግን ትንሽ አልተጣመመም? ዝሆኑ ወደ ኋላ ሊወድቅ የሚል ይመስላል" አለች። እንደዚህ ነው የሚሠራው አልኳት። እንደዚህ ይሠራ አይሠራ ምን አውቄ።

ግን አይቻለሁ። እግሩ ትንሽ፣ ራሱ ትልቅ ነው፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ። ቀጭኔዋም እንዲሁ። ለአባቷ ይህን አልነገርኩትም።

ማክሰኞ

ለሻጩ መጋረጃውን ሰቀልኩለት። ክፍሉ ድቅድቅ አለ። ደስ አለው፤ እጁን ፊቱ ላይ አውለብልቦ "አይታየኝም" አለ፣ እንደ ልጅ።

ሦስት ፕሮጀክተር አሳየኝ። አንዱ ድምፁ ይጮኻል። አንዱ ሣጥኑ አስቀያሚ ነው። አንዱን ምንም አላልኩትም፤ ብቻ አልወደድኩትም።

ዛሬም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ዓርብ ማታ

ረጅሟ ቤት መጣች። ስትገባ እንደልማዷ አምፖሉን በግንባሯ ገጨችው። ሻይ አፈላሁላት። ስለ ፕሮጀክተሩ ስትጠይቀኝ፣ ያኛው ድምፁ፣ ይኼኛው ቀለሙ እያልኩ ብዙ አወራሁ። ሰማችኝና፣ "እማማ፣ ካልተመረጠ እኮ አይጨረስም" አለችኝ።

"ከተጨረሰ በኋላስ ምን ይደረጋል?" አልኳት።

እኔም ምን ማለቴ እንደሆነ አላውቅም። ብርጭቆዎቹን አነሳሁ። ይህች ልጅ ግን ትደንቀኛለች። ጓደኛዋን አጥታ የራሷን ሐዘን በር ላይ አስቀምጣ ነው የምትገባው፤ ስትወጣ ትይዘዋለች።

ነገ እገዛለሁ ብያታለሁ።

ቅዳሜ ማታ

ገዛሁ።

አጎቷ ካልሄድኩ ብሎ አብሮኝ ሄደ። ሻጩ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ለቤት የሚባለው ነጭ ሣጥን ነው። ቀለሙ ያስደንቃል፤ ያበራው የውሃ ምስል ላይ እጄን ልነክር ምንም አልቀረኝ። ግን ሶኬት ካላገኘ አይሠራም። ለሥራ የሚባለው በቀን ብርሃን፣ መስኮት ተከፍቶም ይታያል፤ ለስብሰባ አዳራሽ የተሠራ ነው። እሱም ሶኬት ይፈልጋል፣ ክብደቱም የስፌት መኪናዬን ያህላል። ሦስተኛው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ የምታክል፣ ባትሪ ያላት ናት። ሶኬት አትፈልግም።

አጎቷ የመጣንበትን ሥራ ትቶ ለቤት የሚባለው ካልተገዛ ብሎ ይከራከራል። ሻጩ አልገፋፋኝም። በጣም ውዱን ሊሸጥልኝ ይችል ነበር። ስለ አዳራሹ አንድ በአንድ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ትንሿን አነሳና፣ "ችግሯን ልንገርዎት። ብርሃኗ ደካማ ነው። እርስዎ እንዳሉት መስኮቱ ትልቅ ከሆነ ምንም አይታይዎትም" አለ።

"መስኮቱን ለእኔ ተወው" አልኩት።

ገባውና ሳቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ብርሃን ስከለክል ነው የኖርኩት። ልጄ በብርሃን ትሠራለች፣ እኔ በጨለማ።

ከዚያ ያ ነገር መጣ። ሻጩ ፕሮጀክተሯን አጣሞ አስቀመጣት። ምስሉ ግድግዳው ላይ ተወላግዶ ታየ፤ ወዲያው ግን ራሱን በራሱ አቃና፣ አራት ማዕዘን ሆነ። ሰው የነካው የለም። አጎቷ አጨበጨበ። "ልጅቷ ይቺ ብትኖራት ኖሮ ዝሆኑ አይወላገድም ነበር" አለ።

ክፋት የለውም። የሰማውን ነው የተናገረው፤ ማን እንደነገረው ግን አላውቅም። ነገሩ በሰው አፍ ገብቷል ማለት ነው።

ማክሰኞ

ለክሊኒኩ መስኮቶች ጥቁር ገበር። መርፌ ሁለቴ ሰበርኩ። ትከሻዬ። አባቷ ቀለበቶቹን ዘንጉ ላይ እየሰካ አደረ ማለት ይቻላል።

ጎረቤቴን በርጩማዬን አይታ እንደሆነ ጠየቅኋት። አጠያየቄ ጥሩ አልነበረም።

ሐሙስ

መጋረጃዎቹን ሰቀልን። አዳራሹ ጨለመ። እስከዚህ ድረስ ኮርቼ ነበር።

ረጅሟ ፕሮጀክተሯን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ አበራች። ብርሃኑ ከተቀባው ጋር አልገጠመም። የዝሆኑ እግር ሲገጥም ራሱ ይወጣል፤ ራሱ ሲገጥም እግሩ ይቀራል። ዝሆኑ ሁለት ኩምቢ አወጣ፣ ቀጭኔዋ ሁለት አንገት። ወደ ፊት አመጣናት፣ ወደ ኋላ ወሰድናት። በተንቀሳቀሰች ቁጥር ምስሉ ራሱን ያቃናል፣ የልጄ ዝሆን ግን እንደተወላገደ ነው።

ቅዳሜ

ፕሮጀክተሯን ወደ ሱቁ መለስኳት፤ ተበላሽታለች አልኩት። ሻጩ ወዲያው ሌላ ቀየረልኝ። ከሱቁ ቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄድን። ሁለተኛዋም እንደ መጀመሪያዋ ናት።

ተመልሼ ስሄድ ወንበር አቀረበልኝ። "ማዘር፣ ዕቃዋ ደህና ናት። ምናልባት ግድግዳው ይሆናል" አለኝ። ግድግዳው ምን ሆነ አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ይቅርታ ጠየቀኝ። ጥፋት ሳይኖርበት።

ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም።

እሁድ ማታ

አባቷ ሙሉውን ንድፍ አላየሁትም አለ። እኔም ዳር ዳሩን እንጂ አላየሁትም ነበር። ረጅሟ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣችና ሳሎን ውስጥ አበራነው። ቴሌቪዥኑን አነሳን፣ የሠርጋችንን ፎቶ አወረድን፣ ግድግዳው ባዶ ሆነ።

ሰልፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጣ። ጉማሬው ቁጭ ብሎ ተኝቷል፤ ትንሽ ሬዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ አፉን ከፍቷል። አባቷ ከጆሮው የማይለየውን ሬዲዮ አጠፋ። "እኔ ነኝ" አለ። "እኔን ነው የሠራችኝ።" እስኪያስለው ሳቀ። ቀጥሎ ዝንጀሮ አለ፤ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ ወሬ እያወራ በሰው መሀል ሾልኮ ወረፋ ሊገባ ነው። ስሙን መናገር አላስፈለገም። ለአጎቷ እንዳንነግረው ተማማልን።

ከሰልፉ መጨረሻ ሰጎን ተቀምጣለች። አንድ መነጽር ዓይኗ ላይ፣ አንድ መነጽር ራሷ ላይ። ቦርሳዋን አጠገቧ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ክንፏን ደገፍ አድርጋበታለች፣ ማንም እንዳይቀመጥ። አንገቷን እስከ መጨረሻ አስግጋ በሩን ታያለች። የምትቆጣ ትመስላለች፤ ትኩር ብለው ሲያዩዋት ግን ቁጣ አይደለም።

አባቷ ዞሮ ዓየኝ። "አላወቅሻትም?"

"ሰጎንን ማን አያውቅም" አልኩት።

ረጅሟ ጣሪያ ጣሪያ አየች። እኔ ጠጋ ብዬ ልይ ብዬ መነጽሬን ብፈልግ የለም፣ ከጠረጴዛውም፣ ከስፌት መኪናዬም ላይ። አባቷ ተነስቶ ከራሴ ላይ አወረደልኝ።

ሰኞ ማታ

ይህን ቀን በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት ስንደርስ ቀለም ቀቢዎቹ ነጭ ቀለም በባልዲ ይዘው ከአዳራሹ በር ላይ ቆመዋል። ዋና ነርሷ ጠርታቸው ነው። ክፉ አይደለችም፤ አዳራሹ ሊከፈት ነው፣ ልጆቹ ኮሪደር ላይ ተጨናንቀዋል። "እስከ ምሳ እጠብቃችኋለሁ" አለችን። ረጅሟ እንደገና አበራች፤ ሁለት ኩምቢ፣ ሁለት አንገት። ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። የጉማሬው ብርሃን ጀርባዋ ላይ ወረደ።

ያን ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ መጣች። በእጇ በርጩማ ይዛለች። "ይኼ የነጠብጣቧ ነው። ዕቃ ቤቱን በር ማቆሚያ አድርገነው ነበር፤ ይውሰዱት ብዬ ነው" አለችኝ።

የኔ በርጩማ ነው። ሽንኩርት ስከትፍበት የተረፈው የቢላ ጭረት አለበት። ሦስቱም እግሮቹ ቀለም ነክቷቸዋል።

ምን ታደርግበት ነበር ብዬ ጠየቅኋት። የጽዳት ሠራተኛዋ ከልጆቹ አግዳሚ ወንበሮች ወደ አንዱ ወሰደችኝ። እዚህ ላይ ነበር የምታቆመው፣ ብፍቅ ብፍቅ አልለቅ ያለኝ ይኼው አለች። ወንበሩ ላይ ሦስት ክብ የቀለም ምልክት አለ። እግሮቹን ገጠምኩበት፤ ልክክ አለ።

በርጩማውን አንስቼ ታቀፍኩትና እዚያው ምልክቱ ላይ፣ በልጆች ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ጎንበስ እንዳልኩ ዓይኔን ብቻ ወደ ግድግዳው አነሳሁ።

ዝሆኑ ቆሟል።

ቀጥ ብሎ፣ በአራት እግሩ። ወደ ኋላ አልወደቀም፣ ወደ ጎን አላዘነበለም። ተነሳሁ፤ ተወላገደ። ተቀመጥኩ፤ ቆመ። ቀጭኔዋ እንዲሁ። ጃርቱ እንዲሁ፤ ጭራሽ እጁን ከዓይኑ ላይ ገለጥ አድርጎ እኔን ሊያይ የደረሰ ይመስላል።

ረጅሟን ነይ እዚህ ቁጭ በይ አልኳት። ጉልበቷ አገጯ ድረስ መጣ። ራሷን ዝቅ አድርጋ ዓየች፣ ዓየች። "ሁልጊዜ ቁጭ ብለሽ እዪ ትለኝ ነበር" አለች። "የደከመኝ መስሏት ነው ብዬ፣ አልደከመኝም እላት ነበር።"

ልጄ ለቆመ ሰው አልሠራችውም። እዚህ የሚቆሙት ነርሶቹ ናቸው፣ እናቶች ናቸው፣ እኔ ነኝ። እሷ የሠራችው ለሚቀመጠው ነው፣ እግሩ መሬት ለማይነካው፣ በሩ ተከፍቶ ስሙ እስኪጠራ ለሚፈራው። ፕሮጀክተሩን በልጅ ዓይን ቁመት ላይ አስቀምጣ ወደ ላይ አቅንታ ነው ያበራችው፤ ስለዚህ ከዚያ ቁመት ሲያዩት ብቻ ይቃናል። እኛ ሁላችን ቆመን ጠማማ አልነው። እኔም ብያለሁ። አፌን አልከፈትኩም እንጂ ብያለሁ።

ረጅሟ ለሻጩ ደወለች። ምስሉን የሚያቃናውን ነገር እንዴት እንደሚያጠፉት በስልክ አንድ በአንድ ነገራት። ሰዉ ሁሉ ይህን ፈልጎ ነው የሚገዛት፣ አጥፋልን ያላችሁኝ እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ አለ። በርጩማውን ምልክቱ ላይ፣ ፕሮጀክተሯን በርጩማው ላይ አስቀመጥን። ሌላ ሣጥን ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ አይቀመጥም ነበር። ረጅሟ በሁለት ጣቷ ትንሽ ቀና፣ ትንሽ ዞር አደረገቻት። ብርሃኑ በቀለሙ ላይ እንደ ዚፕ ገጠመ። ሁለቱ ኩምቢ አንድ ሆነ። ከጉማሬው ትከሻ በታች፣ ባዶ በነበረው ግድግዳ ላይ፣ የቀረው ሰልፍ ሁሉ ወጣ።

ዋና ነርሷን ጠራናት። ይቀመጡ አልናት። መቀመጥ አልለመደችም፤ ሃያ ዓመት ስሠራ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም እያለች ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ቀና አለች። ስትነሳ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ለቀለም ቀቢዎቹ፣ "እናንተ ላይኛውን ፎቅ ጀምሩ" አለቻቸው። እኔን አላየችኝም፤ ዓይኗን ልታሳየኝ ስላልፈለገች ነው።

ማክሰኞ

ታች ወርጄ ጎረቤቴን ይቅርታ ጠየቅሁ። "በርጩማ ሰርቄ ሀብታም ልሆን ነበር፣ ቀደምሽኝ" አለችኝ። ወንፊቷን አዋሰችኝ፤ የራሴን ሳይሆን የሷን።

ዓርብ

ጉማሬ አለቀ። ዝንጀሮ አለቀ። አጎቷ መጥቶ አየ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከእጁ መሀረብ አልተለየም። ዝንጀሮውን ግን በጣም ወደደው፤ ይህን ባርኔጣ የት አየሁት ይላል። አባቷ ወደ ውጭ ወጣ።

ዓርብ ማታ

ሰጎኗ ቀረች። ቀስ በይ አልኳት ረጅሟን፤ ቸኩለሽ እንዳታበላሺው። እሷ ቸኩላ አታውቅም።

አጎቷ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ከሰጎኗ አጠገብ ቦርሳው ባለበት ቦታ ልጅቷን ራሷን እናስቀምጥ፣ ከነቀለሟ አለ። ጥሩ አሳቢ ነው፣ እውነት። ረጅሟም እኔን ዓየችኝ። ብዙ አሰብኩ። ቦርሳው ይሁን አልኳቸው። ልጄ ቦርሳ ካደረገችበት ቦርሳ ነው። ቦታ የሚያዝለት ሰው ማን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

የትምህርት ቤት ልጅ እያለች ስትዘገይ፣ አውቶቡስ ውስጥም፣ ስብሰባ ላይም፣ ሐኪም ዘንድም እንደዚያ ነበር የማደርገው። እየሮጠች ትመጣለች፣ ቦርሳዬን አነሳለሁ፣ ትቀመጣለች። እየተቆጣሁ ነው የማነሳው።

ረቡዕ

አለቀ። የቦርሳውን መቆለፊያ ረጅሟ ለእኔ ተወችው። ብሩሽ ይዤ አላውቅም። መርፌ እንደምይዝ ያዝኩት። ትንሽ ወጣ ብሏል፤ እሷ ግን አታስተካክይው ብላ ከለከለችኝ።

መጋረጃዎቹን አወረድኩ። ብርሃኑ ገባ።

ፕሮጀክተሯን ለረጅሟ ሰጠኋት። አንድ የዓይን ክሊኒክ የሚሣል ግድግዳ አለን ብሏታል። አጎቷ ኳሱን በቴሌቪዥን ያያል። በርጩማውንም አብሬ ሰጠኋት፤ እኔ ሽንኩርቱን ቆሜ እከትፋለሁ።

ሰኞ ማታ

ዛሬ ተራ መጠበቂያው ተከፈተ። ሥራ ነበረኝ፤ ሄድኩ።

ሻጩም መጥቷል፣ ጢሙን ተከርክሞ። በሩ ላይ ቆሞ ዓየና ምንም ሳልነግረው ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ በልጆቹ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ይህ ሰው ከጅምሩ ልክ ነበር።

እሱ ሲሄድ እኔ ምልክቱ ካለበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን አጠገቤ አደረግሁ። ልጆች ሞሉ፤ የሚያለቅስ፣ የሚያስል፣ አልገባም ብሎ እናቱን የሚጎትት። ጃርቱ ጋ ሲደርሱ ጸጥ ይላሉ። አንዱ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ጃርቱን በጣቶቹ መሀል ያያል።

አንዲት እናት ትኩሳት የያዛት ልጇን አቅፋ ገባች። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። እኔ ጋ መጥታ ቦርሳዬን ዓየችና፣ "ሰው አለው?" አለችኝ።

ወደ ሰጎኗ ቀና አልኩ። አንገቷን አስግጋ በሩን ታያለች፣ እስካሁንም።

ቦርሳዬን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። "የለውም" አልኳት። "እዚህ አስቀምጫት። ከዚህ ነው ጥሩ የሚታየው።"